ላባዬ ጎመን እየመሰለ አስቸገረኝ፤ በስፌት መኪና የምትጠልፉ ምከሩኝ

ጠባሴ ሰፈር፦

ሰላም ለቤቱ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የሶፋ ልብስ፣ ያልሰፋሁት የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ወር የገባሁበትን ጣጣ ግን ለጠላቴም አልመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ደንበኛዬ በጥር ልጇን ልትድር ነው። መጥታ ስልኳን አወጣችና የአልጋ ልብስ ፎቶ አሳየችኝ። ሁለት ጨርቅ ነው፣ መሃሉ ሙሌት ገብቶበት ሦስቱም አንድ ላይ በመኪና የተሰፋ፣ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉት። ስፌቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ላባ ነው። መሃል ላይ የሚጠማዘዝ ረጅም ግንድ አለ፣ ከግራና ከቀኙ ላባው ተደርድሯል። «ይሄን ትችያለሽ?» አለችኝ። ምላሴ ቀደመኝ፣ «ምን ችግር አለው» አልኳት። ቀብድም ተቀበልኩ። ቀብዱ ጨርቅና ክር ሆኗል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ የለም።

መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ ነው፣ የኅዳር ውርጭ ጣት እንዴት እንደሚያደነዝዝ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፣ ከሰል አጠገቤ አድርጌ ነው የምሠራው። መኪናዬ የድሮ ሲንጀር ነው፣ በእግር የሚረገጠው፣ ሞተር አስገጥሜለታለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ወደ እግሬ እመለሳለሁ። ጨርቁን የሚስበውን ጥርሱን አውርጄ ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፈለግኩበት እነዳለሁ። ይሄ አሠራር ፍሪ ሞሽን እንደሚባል ያወቅኩት ከቪዲዮ ነው። ለካ የቀሚስ ጥልፍ የሚሠሩት ሰዎች ስሙን ሳይጠሩ ሲሠሩት የኖሩት እሱን ነው! ለመለማመጃ ከላይም ከታችም አቡጀዲ አድርጌ መሃሉ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ቆርጬ አስገብቻለሁ።

ውጤቱ ግን ያሳፍራል። አንዱ ላባ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ የአንዱ ጭንቅላት ሾጣጣ፣ የሌላው ደግሞ ጠፍጣፋ። እናቴ መጥታ አየችና «ምነው ልጄ፣ ለሙሽራ ጎመን ትጠልፊያለሽ?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን ልቤ አዘነ። ጨርቁን ስገለብጠው ደግሞ ይብሳል፤ ቀጥታው ላይ ደህና የነበረው ስፌት ላባው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የታችኛው ክር ቀጥ ብሎ ይዘረጋና የላይኛው ክር እንደ ዐይን ሽፋሽፍት እየተንጠለጠለ ይወጣል። በግንዱ በስተግራ ያለው ላባ ደግሞ በስተቀኝ ካለው በጣም ይብሳል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እና ጥያቄዬ፦ ሁሉንም ላባ ጨርቁ ላይ ሥዬ በላዩ ልከተል ወይስ በዓይኔ እየገመትኩ እለማመድ? ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሰው ካለ ግን አደራ ይለፈኝ፣ ሰርጉ ጥር ነው።


አንኮበር ጥልፍ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ ቀሚስ ላይ ስጠልፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ይሄን ወፍራሙን ሥራ የጀመርኩት ግን በቅርብ ነው። የመጀመሪያ ላባዎቼ ጎመን እንኳ አይመስሉም ነበር፣ የተረገጠ ቆስጣ ነው የሚመስሉት።

ከጀርባው እንጀምር፣ እሱ ካልተስተካከለ ቅርጹን ብታሳምሪውም ደንበኛሽ ገልብጣ ታየዋለች። ክሩ የሚንጠለጠለው መታጠፊያው ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከመኪናው ይልቅ ከእጅሽ ነው። ሁላችንም ኩርባ ላይ ስንደርስ ሳናውቀው እጃችንን እናፈጥናለን። ቶሎ ለማለፍ ነው መሰለኝ፣ ልክ የሚያዳልጥ ቦታ ላይ እንደሚሮጥ ሰው። መርፌው ገና ጨርቁ ውስጥ እያለ ስትጎትቺው መርፌው ይታጠፋል፣ የላይኛው ክር ወደ ታች ይሳባል፣ ያ ሽፋሽፍት ያልሽው ይወጣል። መድኃኒቱ ኩርባው ላይ እጅን ማዘግየት ነው። እግርሽ ግን አይዘግይ። እግርሽ እንደ ከበሮ አንድ ዓይነት ምት ይምታ፣ እጅሽ ብቻ ይለዝብ። ሁለቱን አንድ ላይ የምታዘገዪ ከሆነ ምንም አይለወጥም።

እሱን አስተካክለሽ አሁንም ካለ ወደ ክሩ ሂጂ። ክር ስታስገቢ ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ማንሻ ወደ ላይ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ ክሩ በማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች መሃል አይገባም፣ ከላያቸው ያልፋል። ስትሰፊ ደግሞ ማንሻው መውረድ አለበት። ይሄ ሞኝ ነገር ይመስላል፣ ግን ለጥልፍ እግሩን የፈታ ሰው ማንሻውን ማውረድ ይረሳል፣ ምክንያቱም የሚወርድ ነገር አይታየውማ! ማንሻው ካልወረደ ማጥበቂያው አይዝም፣ ታች ክሩ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ ይሠራልሻል። እኔ አንድ ሙሉ ቀን መኪናው ተበላሽቷል ብዬ ሜካኒክ ልጠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማጥበቂያውን የምትነኪው። የላይኛው ክር ታች ከወጣ የላይኛውን ትንሽ አጥብቂ። የታችኛው ክር ከላይ በኩል እንደ ነጥብ ነጥብ ብቅ ካለ ደግሞ የላይኛውን ከልክ በላይ አጥብቀሻል ማለት ነው፣ አላሊው። በአንድ ጊዜ ብዙ አታዙሪ፣ ሩብ ዙር እያደረግሽ ሞክሪ። ለመለማመጃ ከላይ ቀይ፣ ከታች ሰማያዊ ክር አድርጊ፣ የትኛው የት እንደወጣ ወዲያው ታያለሽ። ለሙሽራዋ ስትሰፊ ግን ከላይም ከታችም አንድ ቀለም።

እና ደግሞ ከሰሉን በር ከፍተሽ ተጠቀሚ፣ እባክሽ። ጨርቅና ክር ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አልወድም።


ሸዋ ሮቢት ነኝ፦

ወገን፣ እዚህ እኛ ጋ ለአንሶላም ሙቀቱ አልፈቀደልንም፣ እናንተ ሦስት ድርብ ትሰፋላችሁ 😂

ቁም ነገሩን ልናገር። ሥለሽ ተከተይ፣ አለቀ። መለማመድ ጥሩ ነው ግን ሰርጉ ጥር ከሆነ አንድ ላባ በካርቶን ቆርጠሽ እያዞርሽ በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርጊ። ሳሙና በውሃ ይለቃል። በእስክሪብቶ እንዳትሞክሪው። አንድ ጊዜ ለመጋረጃ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ መጋረጃውን ገዝቼ ቀረሁ።


መንዝ ባና፦

ከሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ ጋር በግማሽ እስማማለሁ፣ በግማሽ አልስማማም። (እህት ከሆንሽ ይቅርታ።)

ሁሉንም ላባ ሥለሽ መስመሩን ከተከተልሽ ዐይንሽ መርፌው ላይ ይተከላል። መርፌ እያየ የሚሰፋ ሰው ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብስክሌት ስትነጂ ጎማውን ታያለሽ እንዴ? የምትደርሺበትን ነው የምታይው። ላባም እንደዛ ነው፤ ከግንዱ ስትነሺ ዐይንሽ ጭንቅላቱ የሚዞርበት ላይ መሆን አለበት፣ ጭንቅላቱ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ዐይንሽ ቀድሞ ጅራቱ ግንዱን የሚነካበት ላይ መድረስ አለበት። ሾጣጣ ጭንቅላት የምታወጪው እዚያ ላይ ደርሰሽ «አሁን ወዴት ልሂድ» ብለሽ ስለምታስቢ ነው። ባሰብሽ ቁጥር እጅሽ ይቆማል፣ መርፌው ግን አይቆምም።

ስለዚህ ግንዱን ሣይ። ከግንዱ በሁለቱም በኩል ደግሞ የላባው ጭንቅላት የማያልፈውን መስመር ሣይ፣ ለምሳሌ 4 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። ላባዎቹን ግን አትሣያቸው። አጥሩ ካለ ቁመታቸው ይስተካከላል፣ ውፍረታቸውን እጅሽ ይለምደዋል።

እጅሽ የሚለምደው ደግሞ ጨርቅ ላይ ከመሆኑ በፊት ወረቀት ላይ ነው። አያቴ ቄስ ነበሩ፣ ብራና ላይ ይጽፉ ነበር። በመጽሐፉ ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ታውቁታላችሁ፣ እየተጠላለፈ የሚሄደውን። ተማሪዎቻቸው ብራናውን ከመንካታቸው በፊት ያንን ሐረግ ስንት ጊዜ አሸዋና ሰሌዳ ላይ እንደሚሞክሩ ይነግሩን ነበር። ብራና ውድ ነው፣ ሰሌዳ ግን ርካሽ ነው። ላባም ያው ሐረግ ነው። የልጅ ደብተር ውሰጂ፣ እስክሪብቶ ሳታነሺ ገጽ ሙሉ ላባ ሥሪ። እስክሪብቶ ሳታነሺ የምልሽ መርፌም ስለማይነሳ ነው። በቀን አንድ ገጽ። ስልክ እያወራሽ ሥሪው፣ እንደውም እያወራሽ ስትሠሪው ይሻላል፣ ሳታስቢው ከወጣ እጅሽ ለመደው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያረጀ ብርድ ልብስ ለመሃል ያስገባሽው የሚሠራ ነገር ነው፣ እኛ ጋ ባናም፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ ይገባል። ግን የፋብሪካው ወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መርፌ ያጣምማል። 14 ቁጥር መርፌ ነው የሚሻለው፣ በ11 ቁጥር አትሞክሪው። ሱፍና ጥጥ ደግሞ ስለሚሸበሸብ መጀመሪያ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ አስገቢው። ሳይታጠብ ከገባ በመጀመሪያው እጥበት ላይ ሙሽሪት አልጋ ልብሷ የተጨማደደ ጉንጭ ይሆንባታል።


እነዋሪ፦

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በመኪና ከተሠራ ምኑ ነው የእጅ ሥራ የሚባለው? ድሮ እናቶቻችን በእጅ ነበር የሚሠሩት። አሁን ሞተር ይረግጡና «ጥበብ» ይላሉ።


አንኮበር ጥልፍ፦

@እነዋሪ ወንድሜ፣ ና አንኮበር፣ መኪናዬ ላይ ተቀመጥና አንድ ላባ ሥራልኝ። ጨርቁን የሚነዳው እኮ የሰው እጅ ነው። ሞተሩ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ከማድረግ ውጭ ምንም አያውቅም።


ኤ ስፌት፦

@እነዋሪ ይሄ ክርክር በፈረንጆችም ዘንድ ነበረ። ላባ ቅርጽ ራሱ የቆየ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝና በአሜሪካ ሴቶች በእጅ መርፌ ሲሠሩት ኖረዋል። የስፌት መኪናው ከመጣ ወዲህም፣ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፣ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዘመን ሰዎች ጨርቆቹን በመኪና ይገጣጥሙና ከላይ ያለውን ጥልፍ ግን በእጅ ያደርጉት ነበር። በመኪና የተጠለፈው እንደ አቋራጭ ነበር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ፓዱካ በሚባል ከተማ በሚደረገው ትልቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና የተጠለፈ ኩዊልት የአንደኛነቱን ሽልማት ወሰደ፣ የሠራችው ካሪል ብራየር ፋለርት ትባላለች። በጊዜው ስንቱ ተቆጥቷል። ዛሬ ማንም አይጨቃጨቅበትም።

ደግሞ «እናቶቻችን በእጅ ነበር» ያልከው እኛ አገር ይሄ ዓይነቱ ነገር ድሪቶ ነበር የሚባለው፣ ስድብ ነበር። ስለዚህ ብዙ አንመጻደቅ።


እነዋሪ፦

ድሪቶው ላይ ረታችሁኝ 😄


ጠባሴ ሰፈር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማንሻውን አየሁት። አላወረድኩትም ነበር!! ማለቴ አንዳንዴ አወርደዋለሁ አንዳንዴ እረሳዋለሁ፣ ለካ ለዚህ ነው አንዱ ቀን ደህና አንዱ ቀን ጎጆ የሚሠራብኝ። አሁን ማንሻው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ ማንሻው ከነቀዩ ክር ካልወረደ መርገጫውን አልረግጥም።

ከወረቀቱም ጀመርኩ። የታናሽ ወንድሜን የሒሳብ ደብተር ጨረስኩት።

ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ቪዲዮ ላይ አንዷ ላባውን ስትሠራ በሰፋችው መስመር ላይ ትመለስበታለች፣ ሌላዋ ደግሞ አትመለስም፣ እያንዳንዱን ላባ ለብቻው ከግንዱ ጀምራ ግንዱ ላይ ትጨርሳለች። የትኛው ነው ትክክሉ?


አንኮበር ጥልፍ፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ላንቺ ግን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ልንገርሽ።

በመመለስ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከግንዱ ትነሺና ወጥተሽ ጭንቅላቱን ታዞሪያለሽ፣ የጎረቤቱን ላባ ስትነኪ ታቆሚና አሁን በሰፋሽው የጭንቅላት መስመር ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ፣ ከዚያ ተነስተሽ የሚቀጥለውን ላባ እየሠራሽ ወደ ግንዱ ትወርጃለሽ። ላባዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ክፍተት ሳይኖራቸው፣ በጣም ያምራል። ችግሩ በሰፋሽው መስመር ላይ በትክክል መመለስ አለብሽ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳትሽ ሁለት መስመር ይሆናል፣ ክሩም ይወፍራል። ወፍራም ክር ወይም ከጨርቁ የተለየ ቀለም ያለው ክር ከሆነ ከሩቅ ይታያል። ይሄ የለመደ ሰው ሥራ ነው።

ያለመመለስ የሚሠራው ቀላል ነው። የልብ ቅርጽን በግማሽ ቆርጠሽ አስቢው። ከግንዱ ትነሺ፣ ቀጥ ብለሽ ሳይሆን ወደ ፊት ተዘንብለሽ ትወጪያለሽ፣ ጭንቅላቱ ላይ ሰፋ አድርገሽ ክብ ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ ጎንሽን እያጠበብሽ ወደ ግንዱ ትወርጃለሽ። ወርደሽ ስትደርሺ ግንዱን በቀንድ አትውጊው። እዚህ ላይ ነው ጎመኑ የሚመጣው! ጅራቱ ግንዱ ላይ በድንገት ከተጋጨ ቅጠል ይመስላል። ጅራቱ ግንዱን ሊነካ ሲል ወደ ግንዱ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ አብሮት መፍሰስ አለበት፣ ልክ ትንሽ ወንዝ ትልቅ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ቀጥታ እንደማይገባው፣ አብሮ ትንሽ ሄዶ እንደሚቀላቀለው። ከዚያ ግንዱን ይዘሽ ትንሽ ወደ ላይ ትሄጂና ሁለተኛውን ትጀምሪያለሽ። በላባና በላባ መሃል ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ ምንም አይደለም። ያ ክፍተት ስህተትሽን ይውጥልሻል።

የዶሮ ላባ ለመምሰል አትድከሚ። እኔ መጀመሪያ ላይ ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ላባውን አንስቼ እያየሁ ልሠራ ሞከርኩ፣ ምንም አልረዳኝም። ይሄ ላባ ተብሎ ይጠራ እንጂ ከእውነተኛው ላባ ይልቅ እንባ ነው የሚመስለው፣ ወይም ኮማ።

ክር ላይ ስስታም አትሁኚ ግን ቀጭን ክር ግዢ። ጥልፍ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል ብለሽ አታስቢ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ቀጭን፣ ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም። ጥላውን ነው ሰው የሚያየው፣ ክሩን አይደለም። ክሩን ደግሞ ከገመትሽው እጥፍ ግዢ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ። መሃል ላይ አልቆ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄጂ ያው ነጭ ሌላ ነጭ ይሆናል።


ሸዋ ሮቢት ነኝ፦

ስለ አልጋው መጠን ማንም አላነሳም። የድሮ ሲንጀር አንገቱ ጠባብ ነው። ባለ ሁለት ሜትር አልጋ ልብስ ጠቅልለሽ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ልታሳልፊ? መሃሉ ላይ ስትደርሺ እንደ በሬ ነው የሚጎትትሽ። ክብደቱ ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ሲንጠለጠል ስፌትሽ ሁሉ ያጥራል፣ ምክንያቱም ጨርቁ አንቺን ይጎትታል እንጂ አንቺ ጨርቁን አትነጂውም።

ምክሬ፦ በሦስት ቁራጭ ሥሪው። እያንዳንዱን ለብቻው ጥለፊ፣ ከዚያ ገጣጥሚው። መገጣጠሚያው ላይ ከጀርባ ጥብጣብ ታሳልፊበታለሽ። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ሥሪ፣ ከዳር ወደ መሃል ከመጣሽ ጨርቁ መሃል ላይ ያብጣል። እና ከመኪናው በግራ በኩል ጠረጴዛ ወይም ሁለት ወንበር ደርድሪ፣ ጨርቁ የሚያርፍበት።

(እህት አይደለሁም፣ ወንድም ነኝ @መንዝ ባና)


መንዝ ባና፦

እሺ ወንድሜ 🙏 የሦስት ቁራጭ ነገር ጥሩ ነው፣ እኔም አልታሰበኝም።

ሦስቱን ድርብ ስትይዢ በመርፌ ቁልፍ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ ማለትም በየመዳፍ ስፋቱ፣ ያዣቸው። ስትሰፊ ስትደርሺበት ፍቺ። መርፌ ቁልፍ ላይ የወጣ መርፌ ተሰብሮ ዐይን ውስጥ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

ጣትሽ ጨርቁ ላይ ከተንሸራተተ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ጣቶቹን ቆርጠሽ አውራ ጣትሽና ሁለቱ ጣቶችሽ ላይ አድርጊ። በብርዱ ደግሞ ይሞቅሻል።


ኤ ስፌት፦

የግራ ጎን ለምን ይብስብኛል ያልሽው አልተመለሰም። ቀኝ እጅ ከሆንሽ የቀኙ ጎን ኩርባ ስትጽፊ የለመድሽው አቅጣጫ ነው፣ የግራው ግን የተገለበጠ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ደካማ ጎን አለው። እኔ ያደረግኩት፣ የቀኙን ከታች ወደ ላይ እሰፋለሁ፣ የግራውን ግን ከላይ ወደ ታች። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፣ ወረቀት ላይ ሞክሪውና እጅሽ የወደደውን ያዢ። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ በደካማው ጎን ጀምሪ። ሁላችንም የሚያምርልንን ጎን ቀድመን እንሠራና ለደካማው ሲደርስ ደክመናል።

በየቀኑ 15 ደቂቃ በሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። እጅ ቶሎ ይረሳል። የመለማመጃ ጨርቅሽን ደግሞ አትጣይው፣ ዳሩ ላይ ቀኑን ጻፊበት። ተስፋ ስትቆርጪ የመጀመሪያውን አውጥተሽ እዪ።


ጠባሴ ሰፈር፦

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ጀርባው ድኗል። ሙሉ በሙሉ! አንኮበር ያለችው እግር እንደ ከበሮ፣ እጅ ለዘብ የሚለው ነገር ለሁለት ቀን አልገባኝም ነበር። ሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ሞተሩን ትቼ በእግሬ ስረግጥ ነው የገባኝ። በእግር ስትረግጪ ምቱን ትሰሚዋለሽ፣ ሞተር ግን ወይ ይጮኻል ወይ ይቆማል፣ መሃል የለውም። አሁን መብራት ቢኖርም በእግሬ ነው የምሠራው፣ ለላባ ብቻ።

ጭንቅላቱም ክብ ሆኗል። ጅራቱን ወንዝ ብዬ አሰብኩትና ተስተካከለ፣ ስሰፋ በሬሳ የሚባለው ወንዛችን ነው የሚመጣብኝ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሾጣጣው የሚመጣው እንዳላችሁት መርፌውን ሳይ ነው። ደንበኛ ገብቶ ሰላም ሲለኝና ቀና ስል የሠራሁት ላባ ከሁሉም ያምራል፣ ይገርማል።

ግራው አሁንም ትንሽ ይቀረዋል። ከላይ ወደ ታች ሞከርኩት፣ ለኔ አልሆነልኝም፣ ተውኩት። በግራ መጀመሩ ግን ረድቶኛል። ጓንቱንም ቆርጬ አድርጌዋለሁ፣ እናቴ «ዕቃ ሳታጥቢ ጓንት» እያለች ትስቅብኛለች።

ለሙሽራዋ የመጀመሪያውን ቁራጭ ትናንት ጀምሬያለሁ። ነጭ በነጭ። በሳሙና ምልክት ላደርግ ብል ነጭ ጨርቅ ላይ ሳሙናው አልታየኝም፣ እና ግንዱን ስስ ወረቀት ላይ ሥዬ ወረቀቱን ከላይ አድርጌ አብሬ ሰፋሁት፣ ከዚያ ቀድጄ አወጣሁት። ጥሩ ይሠራል፣ ግን ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል መሰለኝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። መርፌ ቀየርኩ፣ ድምፁ ጠፋ።


አንኮበር ጥልፍ፦

ወረቀት ያደነዝዛል፣ ልክ ነሽ። ባይደነዝዝም ለእንዲህ ዓይነት ወፍራም ሥራ መርፌውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ ከአንድ መርፌ የከፋ ስስት የለም። ፎቶ የታለ?


ጠባሴ ሰፈር፦

ፎቶ አለማንሳቴ ነው የሚያናድደው። ያንን የመጀመሪያውን መለማመጃ፣ ጎመኑን፣ ከአዲሱ ጋር አንድ ላይ አንስቼ ልለጥፍላችሁ ፈልጌ ስፈልገው አጣሁት። ቀን ጽፌበት ነበር እኮ! እናቴን ጠየቅኳት። ቆርጣ ዳሩን አጥፋ ሰፍታዋለች፣ ጀበና ማስቀመጫ ሆኗል። መልሺልኝ ብላት «ለጀበናዬ ይሄው ጎመኑ ነው የተመቸኝ» አለችኝ።


ሸዋ ሮቢት ነኝ፦

ጀበናው ላይ እንዳለ አንሺውና ለጥፊው። ቡናም እንይ።